መምህሩ ሲዝል፦ ውጥረትን የመቋቋም አቅም ከየት ይመጣል?

በዛሬው የጤናና የአመጋገብ አምዳችን የምንነጋገረው ልጆቻችንን በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ስለሚይዝልን ሰው፣ ማለትም ስለ መምህሩ ጤና ነው። ከመካከላችሁ መምህራን የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ያልሆናችሁትም ባላችሁ፣ ሚስታችሁ፣ እህታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ መምህር ነው፤ ወይም ደግሞ ልጃችሁን ለመምህር አደራ የሰጣችሁ ናችሁ። ስለዚህ ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ለሚሠራ ሰው መምህራንን መለየት አያስቸግረውም። ልብሳቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ፤ ድምፃቸው ሻክሯል። የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ የራስ ምታት ማስታገሻ፣ የጨጓራ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ድምፅን ዝቅ አድርጎ «እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር» ይጠይቃሉ። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ ከጭንቅላትም ከጨጓራም ራቅ ያለ ቦታ ይገኛል።

የሥራ ዝለት ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ «በርንአውት» የሚባለውን፣ እኛ የሥራ ዝለት የምንለውን ሁኔታ በሙያ ጽሑፍ ቀድመው ከገለጹት አንዱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በአሜሪካ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1974 ነበር። ከእርሱ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር ሆና ዝለቱ የሚለካበትን መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መመደቢያው ውስጥ አካቶታል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ዝለትን ራሱን የቻለ በሽታ ነው አላለም። በአግባቡ ካልተያዘና ሥር ከሰደደ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ ነው የመዘገበው። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። መንስኤው ሥራው ጋ ከሆነ መፍትሔውም በመምህሩ ላይ ብቻ የሚጣል አይሆንም ማለት ነው።

ዝለት ሦስት ምልክቶች አሉት።

1ኛ. መንጠፍ። መምህሩ አድሮም ሲነሣ ደክሞት ነው። ቅዳሜና እሑድ አርፎ ሰኞ ጠዋት ምንም ያላረፈ ያህል ይሰማዋል።

2ኛ. ልብ መራቅ። ቀድሞ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም ለማወቅ ይጥር የነበረ መምህር አሁን «እነዚህ ልጆች ምንም አይገባቸውም» ማለት ይጀምራል። ይነጫነጫል፣ ያሽሟጥጣል፣ የክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ቅር ይለዋል።

3ኛ. የዋጋ ቢስነት ስሜት። «ብደክምስ ምን ለውጥ አመጣሁ?» የሚለው ሐሳብ አይለየውም።

ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ጉዳዩ ተራ ድካም ወይም ስንፍና አይደለም።

በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል?

አንድ ነገር ሲያስጨንቀን አንጎላችን ከኩላሊታችን በላይ ወደሚገኙት ዕጢዎች መልእክት ይልካል። ዕጢዎቹም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ስኳር ለጡንቻ እንዲደርስ ወደ ደም ይወጣል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ከሚመጣ መኪና ዘለን እንድንድን የሚያደርገን ይኸው ሥርዓት ነው። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ችግሩ የሚመጣው ጭንቀቱ የማያልፍ ሲሆን ነው። በጤናማ ሰው ላይ ኮርቲሶል ጠዋት ከፍ ብሎ ከእንቅልፍ ያነቃናል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ያስተኛናል። ሥር የሰደደ ውጥረት ይህን ዑደት ያዛባል። እንቅልፍ ይሸሻል፣ የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ተወጥሮ ራስ ያማል፣ ሆድ ይረበሻል፣ ትኩረት ይበተናል፣ ትንሹ ነገር ያስቆጣል። ለዚህ ነው መምህሩ ለራስ ምታት የዋጠው ክኒን ለሰዓታት አስታግሦለት በማግስቱ ሕመሙ ተመልሶ የሚመጣው።

ለምን በመምህራን ላይ ይበረታል?

የመምህር ሥራ ደወል ሲደወል አያበቃም። አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በአገራችን የትምህርት ልማት መርሐ ግብሮች ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በክፍል 50 ተማሪ ነው። መለኪያው ተጠብቆ እንኳ፣ አምስት ክፍል የሚያስተምር መምህር 250 ደብተር አለው። ለአንዱ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 750 ደቂቃ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ይህ ሥራ የሚሠራው ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ብዙ ኡስታዞቻችን ደግሞ ጠዋት በትምህርት ቤት አስተምረው ከዐስር ሶላት በኋላ መድረሳ ይገባሉ። ሴት መምህራን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሌላው ሥራ ማዕድ ቤት ውስጥ ይጠብቃቸዋል።

የውጤት ጫናም አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ በየቤቱ የተነሣው ጥያቄ «መምህራኑ ምን ሲሠሩ ነበር?» የሚል ነበር። ለዓመታት የተከማቸን የአንድ ሥርዓት ድክመት አንድ የፊዚክስ መምህር ብቻውን እንዲሸከም ሲጠየቅ ልቡ ቢዝል አይገርምም።

የመቋቋም አቅም ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

የመቋቋም አቅም ስንል ችግር ሲደርስብን ተናውጠን ወደ ቀድሞ አቋማችን የመመለስ ችሎታ ማለታችን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ድንጋይ የሆነ፣ የማይደክመው፣ የማያለቅስ ሰው ይታየዋል። በእኛም ማኅበረሰብ ሶብር ማለት ዝም ብሎ መሸከም ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ነገር ግን ታጋሽ ሰው ይደክመዋል፣ ይታመማል፣ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ወንድሙን «አግዘኝ» ይላል። እርዳታ መጠየቅ ከሶብር አያስወጣም።

ምርምርም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ኤሚ ዌርነር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሐዋይ በምትገኘው የካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ ወደ 700 የሚጠጉ ልጆችን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትላለች። ከመካከላቸው በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት ልጆች ሲሶ ያህሉ ደህና፣ አዛኝና በራሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ረድተዋቸዋል ከተባሉት ነገሮች ዋነኛው በሕይወታቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚያስብላቸው ትልቅ ሰው መኖሩ ነበር። ያ ሰው አንዳንዴ አያት፣ አንዳንዴ ጎረቤት፣ ብዙ ጊዜም መምህር ነበር። ልጁን ያጸናው መምህሩ ከሆነ፣ መምህሩን የሚያጸናውስ ማን ነው?

ይህን ለመመለስ ወደ እንግሊዝ አገር እንሂድ። ክሪስቶፈር ዴይና ቺንግ ጉ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ100 ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ 300 መምህራንን በአንድ ሰፊ ጥናት ተከታትለው ነበር። ከጥናቱ የተረዱት ነገር የመምህር ጽናት አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር ጠባይ አለመሆኑን ነው። ከፍና ዝቅ ይላል። የሚያከብር ርእሰ መምህር፣ የሚተጋገዙ ባልደረቦች፣ የተረጋጋ ቤት ሲኖር ያድጋል፤ እነዚህ ሲጎድሉ ጠንካራው መምህር ሳይቀር ይዝላል።

ስለዚህ የመቋቋም አቅምን እንደ ጎተራ ብናየው ይሻላል። ጎተራ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ሳይሞላ በየቀኑ ከተቀዳለት አንድ ቀን ወለሉ ይታያል። ቁም ነገሩ በየጊዜው የሚሞላው መሆኑ ነው።

የሚያበድሩ እንጂ የማይሞሉ ነገሮች

አቅም ሲያልቅ ብዙዎቻችን የምንሄደው ወደ አበዳሪ ነው። አበዳሪው ዛሬ ይሰጣል፣ ነገ ከነወለዱ ይወስዳል።

ቡና፦ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከጠጣነው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በደማችን ውስጥ ይቆያል። ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት በብዛት የተወሰደ ካፌይን እንኳ እንቅልፍን እንደሚያሳጥር በጥናት ታይቷል። ደብተር ለማረም ማታ ቡና የሚጠጣ መምህር የሚሠራበትን ሰዓት ያገኘው ከነገው ጉልበቱ ተበድሮ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና ባይጠጣ ይመረጣል። ረመዳን ሲቃረብም ቡናን ቀስ በቀስ መቀነስ በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት የሚመጣውን ራስ ምታት ያቀልላል።

ጫት፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ድካምን ያስረሳል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ከምርቃናው በኋላ ግን ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። የዛለ ሰው ድካሙን በጫት ሲሸፍን ሁለተኛ ድካም ይጨምራል።

የሕመም ማስታገሻ፦ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ራስ ምታት ያለበት ሰው እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ከወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በተለይ በባዶ ሆድና ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ከበለጠ ጉበት ይጎዳል።

የእንቅልፍ ክኒን፦ ዳያዜፓምና መሰሎቹ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ አይደሉም። ምክንያቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ ከዚያም ያለ እነርሱ መተኛት ይከብዳል። ቀድሞ የጀመረ ሰው ካለም በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ ይቀንስ። ፋርማሲስቷ ያለ ማዘዣ አልሰጥም ስትል ጨክናባችሁ አይደለም።

ጎተራውን የሚሞሉ ነገሮች

1ኛ. እንቅልፍ። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል። የመኝታና የመነሻ ሰዓት በየቀኑ ተመሳሳይ ቢሆን ይመረጣል። ለሱብሕ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ዒሻን ሰግዶ በጊዜ መተኛትን ልማድ ያድርግ፤ ስልክም ከአልጋው ይራቅ።

2ኛ. ቁርስ። ብዙ መምህራን በሻይ ብቻ ወጥተው እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይቆያሉ። ስኳር የበዛበት ሻይ ፈጥኖ ያነቃቃል፣ ፈጥኖም ይጥላል። በሶ፣ ቅንጬ፣ እንቁላል ወይም ከትናንት የተረፈ ሽሮ በእንጀራ የተሻለ ያቆያል። ለዕረፍት ሰዓት ቆሎ በቦርሳ መያዝ አይከብድም። በተለይ እህቶች፣ ድካማችሁ ከደም ማነስም ሊሆን ስለሚችል ምስር፣ ጎመንና ሥጋ እንደ አቅማችሁ ተመገቡ። ሻይና ቡና ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩአቸው። በምግብ ላይ ሎሚ መጭመቅ ግን ይረዳል።

3ኛ. ለሥራ ድንበር ማበጀት። 250 ደብተር ሁሉ በየሳምንቱ በዝርዝር መታረም የለበትም። ከፊሉን ተማሪዎች ተቀያይረው በክፍል እንዲያርሙ፣ ከፊሉን በተራ እንድታዩ አድርጉ። ቤት የምትሠሩበትን ሰዓት ወስኑና ሰዓቱ ሲደርስ ደብተሩን ዝጉ።

4ኛ. የሚቻለውንና የማይቻለውን መለየት። ወረቀት ወስዳችሁ ለሁለት ክፈሉት። በአንድ ወገን በእጃችሁ ያለውን፣ በሌላው ከእጃችሁ ውጭ የሆነውን ጻፉ። የተማሪው ቤት ድህነት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የደመወዙ መጠን በአንድ ሌሊት ጭንቀት አይለወጡም። የነገው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ አጀማመር ግን በእጃችሁ ነው። ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉ።

5ኛ. አንድ የልብ ባልደረባ። በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ መምህር ጋር ተቀምጣችሁ የከበዳችሁን ተነጋገሩ። ንግግራችሁ ግን በማማረር ብቻ አያብቃ፤ «ያን ክፍል አንተ እንዴት ያዝከው?» ተባባሉ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

6ኛ. አጭር ዕረፍት። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ሁለት ደቂቃ ተቀመጡና በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተንፍሱ፤ ከዚያ ከዚያ ረዘም ባለ ጊዜ ወደ ውጭ አውጡ። ረጅም የውጪ ትንፋሽ የልብን ምት ያረጋጋል። የዙሁር ሶላትንም እየተጣደፋችሁ አትስገዱት፤ ውዱእ ከማድረግ እስከ ሰላምታ ያለው ጊዜ አንድም ተማሪ የማይጠራችሁ ጊዜ ነው። ከተቻለም ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሂዱ።

7ኛ. መልካሙን መመዝገብ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በዚያ ቀን ከሠራችሁት አንድ መልካም ነገር ጻፉ። «ዛሬ ማንበብ ያቃተው ልጅ አንድ መስመር አነበበ» ይበቃል። «ምን ለውጥ አመጣሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚከማቸው በእንዲህ ዓይነቱ ደብተር ነው።

የቤተሰብ፣ የወላጆችና የመድረሳ ኮሚቴዎች ድርሻ

ውድ አንባቢያን! ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ መምህሩ ብቻውን የሚያደርጋቸው ከሆኑ ነገሩ «ሸክሙ ይቆይ፣ አንተ ግን ጠንክር» እንደማለት ይሆናል። ያ ደግሞ ፍትሕ አይደለም።

በቤት ውስጥ መምህር ያላችሁ፣ ከሥራ ሲመለስ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ስጡት። ድምፅና ጥያቄ ሲሰማ ነው የዋለው። ሚስቱ መምህርት የሆነች ወንድም ደግሞ ማታ ልጆቹን ያስጠና፣ ዕቃ ያጥብ፤ ከእርሱ የሚቀንስበት ነገር የለም።

ወላጆች ትምህርት ቤት የምትሄዱት ልጃችሁ ሲወድቅ ብቻ አይሁን። ልጁ ሲሻሻል ሄዳችሁ «ጀዛከላህ ኸይር፣ ልፋትህን አይተናል» ማለት ገንዘብ አያስወጣም። በልጃችሁ ፊትም መምህሩን አታጣጥሉ፤ ቅሬታ ካላችሁ ለራሱ ንገሩት።

የመስጂድና የመድረሳ ኮሚቴዎች ደግሞ ሦስት ነገር አስቡ። የኡስታዞች ክፍያ በወቅቱ ይድረስ፤ በአንድ ሐልቃ የሚቀመጡ ልጆች ቁጥር ልክ ይኑረው፤ ኡስታዙ ሲታመም የሚተካው ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። ተተኪ የሌለው ኡስታዝ ትኩሳት ይዞትም ያስተምራል። ያንን ጽናት ብለን ከማድነቅ ተተኪ ማዘጋጀት ይሻላል።

ወደ ሐኪም መቼ ይኬዳል?

የሥራ ዝለትና የድብርት ሕመም ይመሳሰላሉ። ዝለት በአብዛኛው ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው፤ ድብርት ግን ቤትም በዓልም ዘመድም ደስታ እስከማይሰጥ ድረስ ሁሉን ነገር ይከባል። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ጊዜ አትስጡ፦

— ሐዘን ወይም የፍላጎት ማጣት በየቀኑ ማለት ይቻላል ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፤

— የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ድንገተኛና ከዚህ በፊት ያልታየ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ፤

— ክብደት ያለ ምክንያት ሲቀንስ፤

— ሕይወትን የመጥላት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ። ይህ ከሆነ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለድካም ብቻም ቢሆን የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የደም ግፊትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። የአእምሮ ጤና አገልግሎት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው አሉ፤ ዛሬ ግን በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። የአእምሮ ሕክምና መሄድ የኢማን ድክመት ምልክት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ዱዓ እያደረገ መድኃኒቱን እንደሚወስድ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ራሳችሁን መዝኑ

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ለእነዚህ አምስት ጥያቄዎች በእውነት መልሱ። ከተቻለም ከባልደረባ ጋር ተወያዩባቸው።

1. ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኛሁ?
2. ባለፈው ወር ስንት ቀን የሕመም ማስታገሻ ወሰድኩ?
3. ስለ ሥራዬ በግልጽ የማወራው ሰው ማን ነው?
4. ከተማሪዎቼ በዚህ ወር ማንን በስሙ ጠርቼ አመሰገንኩ?
5. ከሸክሜ ውስጥ በዚህ ሳምንት ለሌላ ላካፍለው የምችለው የትኛውን ነው?

መምህር ያልሆናችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ የልጄን መምህር ሸክም ለማቅለል በዚህ ወር ምን አደርጋለሁ?

አላህ መምህራኖቻችንን በጤናና በብርታት ያቆይልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።